የመንዝ ጦስኝ

ሴትዮዋ ጅማ ውስጥ አረቄ እያወጣች ስትሸጥ ብዙ ዓመት ሆኗታል። መንዝ እንደተወለደች፣ እዚያም ስሟ አስካለ እንደነበር ለማንም ተናግራ አታውቅም። አንድ ሰርግ ላይ አረቄዋን የጠጣው ሙሽራ ሞቶ፣ ሚዜው ዓይኑ ሲጠፋ አገሯን ጥላ የተሰደደችው በዚያው ሳምንት ነው። ሙሽራው እስከ ዛሬ በሕልሟ እየመጣ "ጨምሪልኝ" ይላታል። አዲስ አረቄ ባወጣች ቁጥር ራሷ ጠጥታ ደህና ማደሯን ሳታይ ለሰው አትቀዳም።

አንድ ከሰዓት በኋላ አንድ ጠና ያለ ዓይነ ስውር በዱላው እየዳሰሰ ገባና አንድ መለኪያ አዘዘ። ቀመሰው።

"የደብረ ብርሃኑ ጉሮሮ ይቧጥጣል፤ የጎጃሙ ጭስ ጭስ ይላል" አለ ቀስ ብሎ። "ጦስኝ የሚሸት አረቄ ግን የጠጣሁት ከአንድ ሴት እጅ ብቻ ነው። አስካለ፣ ሚዜው ነኝ።"

መደቡ ላይ ተቀመጠች።

"ልትገድለኝ ከሆነ የመጣኸው፣ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው የለም" አለችው።

"ስንት አገር ዞርኩ መሰለሽ! በዚያ ሰርግ አሳላፊው ወንድሜ ነበር። አረቄው እንዳያንስበት ብሎ ስፒርቶ የቀላቀለው እሱ ነው። ሊሞት ሲል ተናዘዘ። አንቺ ምንም አላጠፋሽም።"



"የሙሽራው እናትስ ሰምታለች?" አለችው።

"ሰምታለች" አለ። "ስንቄን ቋጥራ ፈልጋት ብላ የላከችኝ እሷ ናት።"