የአቶ ሽመክት የወርቅ ሰዓት

አቶ ሽመክት ሴቻ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ሹም ሆነው ኖረው ጡረታ ሲወጡ የተረፋቸው ወሬያቸው ነው። ጫሞ ሐይቅ ላይ አንድ አዞ በጥፊ መትተው ይቅርታ አስጠይቀዋል ይባላል፤ የሚሉት ራሳቸው ናቸው።

ሴት ልጃቸውን ሊድሩ ሲሉ ደግሞ ለሙሽራው የወርቅ ሰዓታቸውን ቃል ገቡ። ሰዓቱንም ዶርዜ ተራራ ላይ፣ ሁለቱን ሐይቆች እያዩ ለሙሽራው አባት በእጃቸው ሊያስረክቡ።

የሙሽራው አባት አቶ ላቀው ከደብረ ማርቆስ ድረስ መጡ። ከአቶ ሽመክትና ከሚስታቸው ከባዩሽ ጋር ወደ ዶርዜ ወጡ። መንገዱ እባብ እንኳ ሦስት ጊዜ አርፎ የሚጨርሰው ነው። ሐይቆቹ አባያና ጫሞ ከታች ብቅ ሲሉ ጭጋግ መጥቶ ዋጣቸው።

"እስኪገለጥ እህል እንቅመስ" አሉ አቶ ሽመክት።

መንገድ ዳር ወዳለው ወደ ሸማኔው ዳና ቤት ገቡ። አቶ ሽመክት አፍታ ወደ ጓሮ፣ ወደ እንሰቱ ጎራ ብለው ተመለሱ። ዳና አስታጠባቸው፤ ጭቃው አልለቅ ብሎ ሁለት ጣሳ ውሃ ጨረሰ። ቆጮ በዳጣ ቀረበ። አቶ ላቀው የበሉት ለአንድ ክፍለ ጦር ይበቃ ነበር።

ጭጋጉ ተገለጠ።

"እንግዲህ ሰዓቱ" አሉ አቶ ላቀው እየሳቁ።

አቶ ሽመክት ክንዳቸውን ዳበሱ። "ስታጠብ አውልቄ አግዳሚው ላይ አስቀምጬው ነበር።" ዳናን አዩት። "ከዚህ ሰውዬ በቀር አጠገቡ ማን ነበር?"

ዳና አንገቱን ደፋ።

"ኧረ ይተዉ፣ እህሉን በልተን" አለች ባዩሽ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

"ሌባ ሲያዝ እንዲህ ነው፤ ምላሱን ይውጣል። ፖሊስ ይጠራ።"

ጎረቤት ተሰበሰበ። የዳና ሚስት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዳና ወደ ጓሮ ወጣ። እርጥብ ሣር በሁለት እጁ ይዞ ተመለሰና ተንበረከከ። ሦስት ሽማግሌዎችም ሣር ነጭተው ከኋላው ተንበረከኩ። በጋሞ አገር ይህን ረግጦ የሚያልፍ ጠበኛ የለም።

"አመነ ማለት ነው" አሉ አቶ ላቀው።

አቶ ሽመክት ደረታቸው ተነፋ። "በል፣ ስለ ሽማግሌዎቹ ብዬ ምሬሃለሁ" ብለው ሣሩን ሊቀበሉ ጎንበስ አሉ። ከሣሩ ውስጥ ቀዝቃዛ ብረት ጣታቸውን ነካቸው።

ዳና ቀና ሳይል በጆሯቸው፣ "ጌታዬ፣ እንሰቱ ሥር ሲቀብሩት አይቻለሁ፤ የወርቁ ቅብ ለቋልና እንግዳዎ ሳያዩት ኪስዎ ይክተቱት" አላቸው።