የእንግዳ ድርሻ

ግድግዳው ምግብ አብሳይ ከሆነ ወዲህ እናቶች እሁድ እሁድ የሳምንቱን በላተኞች ያስመዘግቡበታል፤ ላልተመዘገበ አፍ ጠብታ ወጥ አያወጣም። ለቤቱ የተመደበው እህልም ከቤተሰቡ ቁጥር አያልፍም።

ረቡዕ ምሳ ላይ የትርንጎ በር ተንኳኳ። የባሏ ታላቅ ወንድም አያልነህ ነበር፤ ያ በሠርጓ ቀን፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ባቡር የምትነዳ ሴት ቤት እንግዳ ጦሙን ነው የሚያድር!" ያላት። ትርንጎ ይህን ቃል አሥራ አንድ ዓመት እንደ እሾህ ይዛው ኖራለች።

"ምነው እንዲህ ከሳሽ? አይዞሽ፣ አልበላብሽም። መቼም አላስመዘገብሽኝ!" ብሎ ሳቀ።

"እጅዎን ይታጠቡ፣ ጋሼ።"

ግድግዳው ተከፈተና ትኩስ ሽሮ ከነእንጀራው ወጣ። አያልነህ ሁለት ሦስቴ ጎረሰና፣ "መምጣቴን ማን ነገረሽ?" አላት።

ልጇ ሰብለ ቀደመቻት። "እማዬ እሁድ እሁድ 'እንግዳ' ብላ ታስመዘግባለች፤ ከራሷ ድርሻ ግማሹን ቀንሳ። እንግዳ ካልመጣ ግድግዳው መልሶ ይወስደዋል እንጂ ለእሷ አይሰጣትም።"

አያልነህ የትርንጎን ቀጭን ክንድ አየ። ያነሳውን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለሰ።

ትርንጎ አንገቷን ቀና አድርጋ ሳህኑን ወደ እሱ አስጠጋች።

"ይጨርሱት እንጂ ጋሼ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲጠብቅዎት ነው የኖረው።"