ከሸራው ጀርባ

የሰፈሩ ሲኒማ ከፈረሰ ሃያ ዓመት ሆኖታል፤ «ጓሮ» የሚለው የአንድ የሰፈሩ ሽማግሌ ቅጽል ስም ግን አልፈረሰም። የድሃ ስም ሲወጣ እንጂ ሲወርድ አይታይም። ሲኒማው ጣሪያ ስላልነበረው፣ ትኬት መግዣ ያጣ ልጅ ሁሉ፣ እሱም ጭምር፣ ከአጥሩ ኋላ የእንጨት ክምር ላይ ወጥቶ በስሱ ሸራ ጀርባ በኩል ፊልሙን ያይ ነበር። ከዚያ ሲታይ ሁሉ ነገር ይገለበጣል፤ ቀኙ ግራ ይሆናል። ስሙን ያወጣለት ባለሱቁ በልሁ ነው። «እኔ ፊት ወንበር፣ እሱ ጓሮ!» እያለ አርባ ዓመት አሳቀበት። ልጆቹ እንኳ «የጓሮ ልጆች» እየተባሉ ነው ያደጉት።

ዛሬ የሲኒማውን ታሪክ የምትጽፍ ልጅ መጥታ ሽማግሌዎቹን ሰበሰበች። በልሁ እንደ ልማዱ ቀደመ።

«ልጄ፣ ጓሮን ተይውና እኔን ጠይቂኝ። የካውቦዩን ፊልም ስድስት ጊዜ አይቼዋለሁ። አክተሩ ከፈረሱ ዱብ ይልና ሽጉጡን በግራ እጁ መዥረጥ!» ብሎ የራሱን ግራ እጅ አነሳ።

«ኧረ በቀኙ ነው!» አሉ ሽማግሌዎቹ እየሳቁ። «በልሁ፣ ጃጀህ እንዴ?»

«በግራው ነው! በዓይኔ ያየሁትን?»

ጓሮ የሚሉት እሱ ይሄን ጊዜ ከተደገፈበት ግድግዳ ቀና አለ። ልጅቷም ወደ እሱ ዞራ፣ «እርስዎስ ጋሼ፣ በየትኛው እጁ ነበር?» አለችው።

በልሁ ያነሳውን ግራ እጁን ቀና ብሎ አየ። እጁን ግን አላወረደም።

«እኔ ከጓሮ ሆኜ ሳየው» አለ እሱ ቀስ ብሎ፣ «በግራው ነበር።»