ቋሚዎቹ

«ስሟ ማን ነው?» አለ ክንዴ፣ ከመቀመጫው ሳይነሳ።

አድማሴ የፋብሪካው ሠራተኞች ማህበር ሊቀመንበር ነውና በኤጀንሲ ስለተቀጠረች አንዲት ልጅ ለተሰብሳቢው ብዙ ሲናገር ቆይቷል፦ የጠርሙስ ማሸጊያው ማሽን እጇን ስለያዛት፣ ፋብሪካው «ቀጣሪሽ ኤጀንሲው ነው» ብሎ ስላላሳከማት፣ ማህበሩም «አባላችን አይደለችም» ብሎ ዝም ስላለ። ዛሬም በአንድ እጇ ካርቶን ትገፋለች። ስሟን ግን አያውቀውም።

«አየህ፤ ስሟን እንኳ የማታውቃትን ነው አባል እናድርጋት የምትለን።»

አድማሴና ምክትሉ ክንዴ ማህበሩን አብረው ያቋቋሙ ጓደኛሞች ናቸው። ክንዴ ክፋት የለበትም፤ ፈርቶ ነው። «ነገ በቁጥር ይበልጡናል፣ አድማሴ። ያለችንን ጥቅም ለእነሱ ካካፈልን ለእኛ ምን ይተርፈናል?»

«ዛሬም ይበልጡናል። እኛ ጡረታ ስንወጣ በቦታችን ቋሚ የሚቀጠር የለም። ያን ጊዜ ይሄ ማህበር የማን ሊሆን ነው?»

የፋብሪካውን መዝናኛ ክበብ የሞሉት ቋሚ ሠራተኞች አብዛኞቹ ሸብተዋል። አንዱ ከኋላ፣ «ኧረ ሰርቪሱ እንዳያመልጠን» አለ።

አድማሴ በመስኮቱ አሻግሮ አየ። የእንጅባራ ዝናብ ያለ ፋታ ይወርዳል። በኤጀንሲ የተቀጠሩት ሴቶች ከክበቡ ታዛ ሥር፣ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ከሥራ ከወጡ ቆይተዋል፤ ግን አልሄዱም። ውሳኔውን የሚጠብቁ መሰለውና ወደ ተሰብሳቢው ዞረ። «እባካችሁ» አለ፤ «ደንቡን እናሻሽለው። እነሱም ይግቡ።»

እጅ ይውጣ ተባለ። የእሱ እጅና የጽዳቷ የስሜነሽ እጅ ብቻ ተነሱ። ስሜነሽ ግራ ቀኟን አየችና ቀስ ብላ አወረደች።

«ወደሚቀጥለው አጀንዳ እንለፍ» አለ ክንዴ፣ ለቅሶ ቤት እንዳለ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አድማሴ ወጣ። ሴቶቹ በአገውኛ እየተጫወቱ ነበር፤ ሲያዩት ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁለት። እጇ በጨርቅ የተጠቀለለው ልጅም አብራቸው አለች።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አላቸው። «የቻልኩትን አድርጌ ነበር። አልሆነም።»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ምኑ ነው ያልሆነው፣ ጋሼ?» አለች እጇ የታሰረው።

«ማህበሩ ነዋ። አባል እንድትሆኑ…»

«የምን ማህበር? እድር ነው?»

ምን ብሎ እንደሚጀምርላት ሲያስብ ዝናቡ አባራ። «በሉ እንሂድ፣ ሳይመለስ!» አለች አንዷ፤ ሁሉም ነጠላቸውን ተከናንበው ከታዛው ወጡ።

እጇ የታሰረው ልጅ ጥቂት ዘገየች። ያስቀየመችው መስሏት አንገቷን ደፋ አድርጋ፣ «ደህና ያምሹ፣ ጋሼ» አለችውና ጓደኞቿን ልትደርስባቸው ሮጠች።

ከኋላው፣ ከክበቡ ውስጥ፣ ጭብጨባ ተሰማ። ለሠራተኞች ቀን የሚለበሰው ቲሸርት ቀለም በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።