የታጠበው ቀሚስ

ከጣና ማዶ በጀልባ የመጣችው ልጅ ከፌስታሏ የተቀደደ ቀሚስ አውጥታ የነርሷ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። በወጉ ታጥፏል፤ ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

«ማስረጃዬ ነው፣ ሲስተር። አንድ ሰው በጉልበት የያዘኝ ዕለት የለበስሁት። እንደ ቆሸሸ ሐኪም ቤት ይዞ መምጣት ነውር መሰለኝና ሁለቴ አጠብሁት።»

ከጧት ጀምሮ ቆማ የዋለችው ነርስ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ይህንኑ ነገር ለስንቱ እንደተናገረች ረስታዋለች።

«ማስረጃ አያስፈልግም፣ እህቴ። ከሰውየው የያዝሽውን ጽንስ ለማቋረጥ ሕጉ የሚጠይቀው ያንቺን ቃል ነው። ተደፍሬ ነው ካልሽ ይበቃል።»

ልጅቷ ቀሚሱን ዳበሰች።

«ቃሌ ብቻ?» አለች። «እናቴ እንኳ ቀሚሱን እስካሳያት ድረስ አላመነችኝም።»