የአባዬ እንቅልፍ

ቢዝነስ ክላስን የሚያማ ሰው አንድ ሌሊት እንኳ ተኝቶበት አያውቅም። ወንበሩ ሲዘረጋ አልጋ ነው፤ አንሶላው ከቤቴ አንሶላ ይለሰልሳል። ከሁሉም ግን እንቅልፉ! ቶኪዮ ስገባ ሳምንት ሙሉ ያረፍኩ ነው የምመስለው። አበባዬን የሚገዙኝ ሰዎች ፊት አንድም ቀን አዛግቼ አላውቅም።

"ዛሬ እንቅልፍ የሚሰጥዎት ማነው?" አለችኝ አስተናጋጇ።

"እንደ ወትሮው አባቴ።"

እንዲህ የሚተኛው መሬት ላይ ያለ አንድ ሰው እንቅልፉን ሲሰጥ ነው። ሰጪው ዓይኑን ሳይከድን ያነጋል። አባዬ ደግሞ ይህን ሥራ ለማንም አያስነካም፤ ዕድሜውን ሙሉ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና የነዳ ሰው ነው።

ሻዩን ይዞ ቤቱ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ከፊቴ ባለው ስክሪን ላይ ብቅ አለ።

"አባዬ፣ ዛሬ እንኳ ሌላ ሰው ይተካህ።"

"ዝም ብለሽ ተኚ! አንቺ ሰማይ ላይ ሆነሽ እኔ ድሮስ መች እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር? በከንቱ ከማፈጥ ላንቺ ይሁንልሽ።"

እንዲህ ያለ አባት ማን አለው? ትራሱን መንካቴን እንጂ ሌላ አላስታውስም።

ቶኪዮ ስናርፍ እንደ ሕፃን ተፍለቅልቄ ነቃሁ፤ ወዲያው ደወልኩለት። እዚያው ወንበር ላይ ነው። ሻዩ ሳይነካ ቀዝቅዟል።

"ቶኪዮ ደረስኩ አባዬ! እንዴት ያለ እንቅልፍ መሰለህ የተኛሁት!"

ፊቱ በደስታ በራ።

"ጎሽ የኔ ልጅ! ኤርፖርት ከደረስሽ በቃ። ስትሳፈሪ ደውዪልኝ፤ ቶኪዮ እስክትገቢ ነቅቼ እጠብቅሻለሁ።"