ያፈሰሰው ባትሪ

ጠጋኙ ለአሮጌው የጌም ማሽን ቦርድ መብራት ከመስጠቱ በፊት እንደ ልማዱ ያፈሰሰውን ባትሪ ነቅሎ ጣለ፤ ዝገቱን ፈገፈገ፤ የተበላውን መስመር በየደ። ዛሬ በማሽኑ ባለቤት በወይዘሮ የሻረግ ፊት ሲሰካው ስክሪኑ ቦግ አለ።

“እንደ አዲስ ሆነልዎ፣ እትዬ” አለ ደረቱን ነፍቶ።

“መጫወቱስ ይቅርብኝ” አሉ መነጽራቸውን እያጠለቁ። “ልጄ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንደኛ ወጥቶ ስሙን ጽፎበት ነበር። እሱን ባየው ብዬ ነው።”

ጠጋኙ ክው አለ። ማሽኑ የተጻፈበትን ስም የሚይዘው በዚያ ነቅሎ በጣለው ባትሪ ኃይል ነበር።

“እትዬ፣ እሱ እንኳ...” ብሎ ሳይጨርስ የአሸናፊዎቹ ስም መጣ፤ ሁሉም ፋብሪካው የሞላቸው ስሞች ነበሩ።

ወይዘሮ የሻረግ የፈረንጅ ፊደል አያውቁም። የላይኛውን ስም በጣታቸው ቀስ አድርገው ዳበሱት።

“ይሄ ነው አይደል?”